ኳስ ለማየት የተሠራው ነደባ

ነገሩ የተነሳው የልጅ ልጆቼ ቴሌቪዥን ፊት ተኮልኩለው ኳስ ሲያዩ ነው። ተመልካቹ ሁሉ በወንበር ተደርድሮ ሳየው፣ “ይሄ ሁሉ ሰው ተቀምጦ ምን ይታየዋል?” የሚል ቃል አመለጠኝ። ሳቁብኝ። ትንሿ፣ “እማማ፣ እርስዎ ኳስ መቼ አይተው ያውቃሉ?” አለችኝ። ከሐረር የወጣሁት በኳስ ሰበብ ነው ብላቸው ጨዋታው ሳያልቅ ቴሌቪዥኑን አጠፉት። ከዚያ ወዲህ “ቁጭ ይበሉና ይንገሩን” እያሉ መግቢያ መውጫ አሳጡኝ። እኔ ደግሞ ቁጭ ማለት አልወድም። እንግዲህ ስነሳም ስቀመጥም ልጻፈው። ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁ በኋላ ነውና መስመሩ ቢንጋደድ አትፍረዱብኝ።

ጊዜው ጣሊያን ከወጣ አሥራ ምናምን ዓመት ያለፈው፣ የጃንሆይ ዘመን ነው። እኔ ያኔ ሃያ ሁለት ወይም ሃያ ሦስት ዓመት ይሆነኛል፤ የተወለድኩበትን ቀን የጻፈልኝ የለም። አያቴ ከሸዋ መጥተው ሐረር ከሰፈሩት ሰዎች አንዱ ነበር። እናትና አባቴ በልጅነቴ አረፉ። ያገባሁት ሰው በጭነት መኪና ረዳትነት ወደ ኦጋዴን ወጣ፣ እንደወጣም ቀረ። አቦከር በሚባለው ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ ብቻዬን ነበርኩ።

ሥራዬ ጀጎል ውስጥ፣ ግንቡ በከበበው በአሮጌው ከተማ፣ ቤት መለሰን ነው። የሐረሪን ቤት ገብታችሁ ካላያችሁ፣ ወለሉ እንደኛ ቤት ለጥ ያለ እንዳይመስላችሁ። በድንጋይና በጭቃ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ እያለ ደረጃ ደረጃ የተገነባ መቀመጫ አለው። ነደባ ይሉታል። ምንጣፍ ይነጠፍበታል፤ ማን የትኛው ላይ እንደሚቀመጥም የታወቀ ነው። ላዩ በቀይ አፈር ተለስኖ በድንጋይ እየታሸ እስኪያብለጨልጭ ይለሰልሳል። ለሠርግ፣ ለበዓል ይታደሳል። ያን ሥራ ያስያዙኝ አው ዑመር የሚባሉ ሽማግሌ ግንበኛ ናቸው። “አው” ማለት እነሱ ዘንድ እንደኛ “አባ” ነው። የክርስቲያን ልጅ ነደባ ስትለስን ሴቶቹ ፊታቸውን ሲያጠቁሩ፣ “እጇን እዩላት እንጂ ማተቧን ምን አያችሁባት?” ብለው ከቤት ቤት አስገቡኝ። እንጀራዬ የተንጠለጠለው በእሳቸው ቃል ላይ ነበር ብል ማጋነን አይደለም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ሥራ አልይዝም። ከግንቡ ውጭ ባለው ሜዳ ኳስ አለ። በሜዳው አንድ ወገን የአፈር ጉብታ ነበረ፤ ጉብታው ላይ መቆም የሚያስከፍል የለም። ተሸካሚው፣ አህያ ነጂው፣ ከድሬ ጠያራ ገጠር መጥተው ጭድና እንጨት ሸጠው የሚመለሱት ሴቶች፣ እኔም፣ እዚያ ቆመን ነው የምናየው። ኳሱ ወደ ላይ ሲሄድ እኔም በጉብታው ላይ ወደ ላይ እሮጣለሁ፤ ሲመለስ እመለሳለሁ። ጎል ሲገባ የማላውቃት ሴት አንገቴ ላይ ትጠመጠማለች። ያን ጊዜ ከሳምንት እስከ ሳምንት ሰው የሚያቅፈኝ ጎል ሲገባ ብቻ ነበር። ይህን ካልነገርኳችሁ የቀረው አይገባችሁም።

አንድ ሰሞን ለከተማው አዲስ ስታዲየም ሊሠራ ነው ተባለ። መሐንዲስም ከአዲስ አበባ መጣ። ሁለት ሐሳብ እንዳለ ተሰማ። አንዱ፣ ዙሪያውን አግዳሚ ወንበር ብቻ፣ መግቢያውም በትኬት። ሌላው፣ በአንድ ወገን ወንበር፣ በሌላው ወገን ድሃው ቆሞ የሚያይበት ደረጃ። የመጀመሪያው ከሆነ ጉብታው ይጠረጋል። እኛም አብረን እንጠረጋለን።

ከተማው ለሁለት ተከፈለ። ክርክሩ የሚፋፋመው መኪና ግርግር ነው፤ ጀጎል ውስጥ ልብስ ሰፊዎች የስፌት መኪናቸውን ደርድረው የሚሰፉበት ጠባቡ መንገድ። ቆሞ የማየት ወገን አለቃ ኢብሮ ነበር፤ ምላሱ ከመርፌው የሚፈጥን ቀጭን ልብስ ሰፊ። የወንበሩ ወገን አለቃ ደግሞ ሃምሳ አለቃ ወንድይራድ፣ ከጎጃም በሥራ ተመድበው የመጡ ወታደር። ሁለቱ ሳይነታረኩ የዋሉበት ቀን አልነበረም፤ ግን የሃምሳ አለቃን ልብስ የሚሰፋው ኢብሮ ነው።

አንድ ቀን ለልስን የሚሆን ቀይ አፈር ተሸክሜ በዚያ ሳልፍ መንገዱ በሰው ተዘግቷል። መሐንዲሱ ሱሪ ሊያሳጥር ኢብሮ ዘንድ ገብቶ ኖሯል፤ ሁለቱም ወገን ከበውታል። አው ዑመርም ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል። ሸክሜን ሳላወርድ ቆምኩ።

“ሰው ኳስ ሊያይ ነው የሚመጣው ወይስ ዘብ ሊቆም?” ይላሉ ሃምሳ አለቃ። “እኔ ሃያ ዓመት ቆሜያለሁ። ከእንግዲህ መቀመጥ ነው የምፈልገው።”

“እርስዎ ሲቆሙ ደመወዝ ይበሉበት ነበር” አለ ኢብሮ መኪናውን እየረገጠ፤ “እኛ በነጻ እንቁም ብንል ምን አንገበገበዎት?”

“እስቲ ስሙት! ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚውል ሰው ስለ መቆም ሲያስተምረኝ!”

“ለዚያ አይደል እንዴ መቆም የናፈቀኝ! ወላሂ፣ መቀመጫዬ አልቋል። ከፈለጉ ላሳይዎ።”

መንገዱ በሳቅ ተናጋ። መሐንዲሱም ሳቀ።

“እሺ ልጠይቅዎ” አለ ኢብሮ፤ “ጎል ሲገባ ምን ያደርጋሉ?”

“እነሳለኋ።”

“አቦ፣ ታዲያ ከመጀመሪያውስ ቆመው ቢጠብቁት!”

ሃምሳ አለቃ ግን አልሳቁም። “ቀልዱን ተወው። ሰው በሰው ላይ ሲገፋፋ፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ሲረግጠው በዓይኔ አይቻለሁ። የቆመ ሰው ድንበር የለውም። ለተቀመጠ ሰው ግን ቦታው ቦታው ነው።”

“ለገዛው ሰው ቦታው ነው” አለ ኢብሮ። “ላልገዛውስ? ይቺ አፈር ተሸክማ የቆመችው አስካለ የት ትቀመጥልዎታለች?”

ሁሉም ዞረው አዩኝ። አፈሩ ከጭንቅላቴ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

መሐንዲሱ ሱሪውን ጠቅልሎ ተነሳ። ክፉ ሰው አልነበረም። “የመቆሚያውን ደረጃ እኔ አልጠላሁትም” አለ፤ “በሲሚንቶ ልሥራው ካልኩ ግን ብሩ የለም። ወንበሩን ከጨረስን በኋላ የሚተርፍ ነገር የለንም።”

ያን ጊዜ አው ዑመር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “ሲሚንቶ ምን ያደርጋል?” አሉ ቀስ ብለው። “ደረጃ መሥራት ለእኛ አዲስ ነው እንዴ? የአያቴ ነደባ ስንት ሠርግ፣ ስንት ለቅሶ ተቀምጦበታል። እስከ ዛሬ አንዲት ድንጋይ አልተነቃነቀችም።”

ኢብሮ ከመኪናው ላይ ዘሎ ተነሳ። “የኳስ ነደባ! አልሐምዱሊላህ፣ ነገሩ አለቀ! ድንጋይ አለን፣ ጭቃ አለን፣ አው ዑመር አሉን!”

መንገዱ ጮኸ። መሐንዲሱ እጁን አነሳ። “እንግዲያውስ ሠርታችሁ አሳዩኝ። ቅዳሜ ሳምንት የከተማውን ሹም ይዤ እመጣለሁ። ሰው ሞልቶት ከቆመ፣ ፕላኑ ላይ አገባዋለሁ። ካልቆመ ግን ወንበር ብቻ ነው፣ ሁለተኛ እንዳታነሱብኝ።”

“ቅዳሜ ሳምንት?” አሉ አው ዑመር። “ነደባ እስኪደርቅ ሁለት ወር…”

ጩኸቱ ቃላቸውን ዋጠው። አጠገባቸው ስለነበርኩ እኔ ሰምቻለሁ። ሁለተኛ ግን አላሉትም። ሽማግሌ ሰው፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ስሙ ተጠርቶ፣ እንዴት ወደኋላ ይበል? በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ነደባ ጣሪያ ሥር የሚኖር ነገር መሆኑን ያሰበም አልነበረም። ቤቱን ከተወለድን ጀምሮ ስለምናየው ይሆናል። እኔም አላሰብኩም።

ከማግሥቱ ጀምሮ የጀጎል ጎረምሳ በሙሉ ድንጋይ ተሸካሚ ሆነ። ቦታው ከጉብታው ጫፍ፣ ጀርባው ቁልቁል ገደል በሆነበት ነው፤ ከዚያ ላይ ሜዳው ሁሉ ይታያል ብለው መረጡት። አው ዑመር ከንጋት እስከ ምሽቱ መግሪብ ሰላት አልተቀመጡም። ስምንት ደረጃ፣ እያንዳንዱ ጉልበት የሚደርስ። በውስጡ ጥርብ ድንጋይ፣ ጭቃና ጭድ ተሞላ። ሐሙስና ዓርብ ተራው የእኔ ሆነ። በቀይ አፈር ለሰንኩት፣ አሸሁት፣ አሸሁት። ዓርብ ጁምዓ ሰግደው የተመለሱት ሰዎች ቆመው አዩት። እንደ ሙሽራ ቤት ቀልቷል። አንዲት ስንጥቅ አይታይም። “አስኩ፣ ዛሬስ ፊታችንን አበራሽው!” አለኝ ኢብሮ። ኮራሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ዝናብ መጣ። ያለ ወቅቱ ነው የመጣው፤ ብዙም አልቆየ፤ ግን ጉልበት ነበረው። ቤቴ ቆርቆሮ ሥር ሆኜ ስሰማው ተነስቼ ቆምኩ፣ ተቀመጥኩ፣ እንደገና ተነሳሁ። ልስኔ ተበላሸብኝ እያልኩ ነበር። የልስኑ ነገር ብቻ ነበር የታየኝ።

ቅዳሜ ማለዳ ባልዲዬንና አፈሬን ይዤ ልጠጋግነው ሄድኩ። ፀሐይ ወጥታለች። ከፊት ሲታይ እምብዛም አልተጎዳም። ደስ አለኝ። ከጀርባው በገደሉ በኩል ዞሬ ወጣሁ፤ ስምንተኛው ደረጃ ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት፣ ልስን ካልነካው ቦታ ጣቴን አሳረፍኩ። ጣቴ ሰተት ብሎ ገባ። እስከ ሁለተኛው መገጣጠሚያ። ሳወጣው ከቀዳዳው ውሃ ፈሰሰ። ዝቅ ብዬ ሥሩን ጫን ሳደርገው እዚያም ውሃ ያለቅሳል። ውስጡ ገንፎ ነው። ላዩን አሳምሬ የሸፈንኩት እኔ ነኝ።

ወደ ጀጎል ሮጥኩ። የአው ዑመር ቤት ስደርስ ልጃቸው ፋጡማ፣ አሥራ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ማሰሮ ይዛ እጃቸውን ታስታጥባለች። ነጭ ለብሰዋል።

“አባ፣ ውስጡ ውሃ ነው” አልኩ ሰላምታ እንኳ ሳልሰጥ።

“ላዩ ነው ልጄ። ትናንት ዘንቦ የለ?”

“ላዩን የለሰንኩት እኔ ነኝ። ላዩን አውቀዋለሁ። ይኸው፣ ጣቴ እስከዚህ ገባ።”

ጣቴን አዩት። ፊቴን አላዩም። “የአያቴ ነደባ…” ብለው ጀመሩና ተዉት።

“የአያትዎ ነደባ ጣሪያ አለው፣ አባ።”

ለእኔም የገባኝ ያን ጊዜ፣ ከአፌ ሲወጣ ነው። ፋጡማ ማሰሮውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። እሳቸው እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ አደረቁ፤ አንዱን ጣት ከሌላው እየለዩ፣ ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው።

“አላህ ያውቃል” አሉ በመጨረሻ። “ሂጂ፣ እጅሽን ታጠቢ። ሰው እየጠበቀን ነው።”

ወጣሁ። መኪና ግርግር ሄድኩ። ኢብሮ ሹሙን የሚቀበልበትን ኮት ይተኩሳል።

“ኢብሮ፣ ሰው አይውጣበት። ይናዳል።”

“ቢስሚላህ! አስኩ፣ ዛሬ እንዲህ ያለ ቃል አታሰሚኝ።”

“ጣቴን አስገብቼ አይቼዋለሁ። ውስጡ አልደረቀም። ለሌላ ቅዳሜ ይባል።”

“ለሌላ ቅዳሜ? መሐንዲሱ ያለውን አልሰማሽም? ዛሬ ካልቆመ አለቀ። አንቺም እኔም ጉብታ የለን፣ ደረጃ የለን፣ አጥር ላይ እንደ ቁራ ነው የምንሰፍረው።” ካውያውን አስቀምጦ ዓይን ዓይኔን አየኝ። “እውነቱን ንገሪኝ፤ ሃምሳ አለቃ ልኮሽ ነው?”

እግሬ ራሱ ይዞኝ ወጣ። ለሃምሳ አለቃ ልንገራቸው? እሳቸው ያስቆሙታል፤ እየሳቁ ያስቆሙታል። ወደ ጦር ሰፈሩ እስከ መንገዱ አጋማሽ ሄድኩ። ኢብሮ ያለኝ ነገር ጆሮዬ ውስጥ ገባና ተመለስኩ። እንደገና ወደ አው ዑመር ልሂድ ብዬ እስከ ጀጎል መግቢያ፣ እስከ ኤረር በር ደረስኩ፤ እዚያም ቆምኩና ተመለስኩ። የዚያን ቀን ጠዋት ስንቴ ወጥቼ ስንቴ እንደወረድኩ እግሬ ነው የሚያውቀው። ደረጃውን ከማንም በላይ የምፈልገው እኔ ነኝ። ከተናገርኩ ደረጃ የለም። ዝም ካልኩ ከገደሉ ሥር ሰው እንለቅማለን። መሐል የሚባል መንገድ ፈለግኩ፤ አጣሁ።

ሜዳው ስደርስ ሹሙ መጥተዋል። ከጥላ ሥር ወንበር ተሰጥቷቸው መሐንዲሱ አጠገባቸው ቆሟል። አው ዑመር ከፊት ናቸው። የወንበሩ ወገን በሃምሳ አለቃ ተመርቶ ማዶ ተሰልፏል። ከበሮ ይመታል፤ ጎረምሳው ደረጃው ሥር ይተራመሳል፤ ሁሉም ላይኛው ይገባኛል ይላል።

“ዋሪያ፣ አትጋፉ!” ይላል ኢብሮ። “ከላይ ጀምራችሁ ሙሉ! ቀጭን የለም፣ ወፍራም የለም፣ ሁሉም ይውጣ!”

መውጣት ጀመሩ። ቀዳሚዎቹ ሦስተኛው ደረጃ ደረሱ።

ባልዲዬ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ እንደሞላ እዚያው ተቀምጧል። አነሳሁት። “ቆዩ!” ብዬ ጮህኩ፤ “ላዩ ይቀረዋል፣ ላሳምረው!”

“ልስኗን ልትጨርስ ነው፣ አሳልፏት!” አለ አንዱ። “አቦ፣ ነደባውን ለሙሽራው እያዘጋጀችለት ነው!” አለ ሌላው። ሳቁና መንገድ ሰጡኝ። በዚያች ሰዓት ሥራዬ አዳነኝ፤ ባዶ እጄን ብሄድ ማንም አያሳልፈኝም ነበር።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ ወጣሁ። ስድስተኛው ላይ ከእግሬ ሥር ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ፤ አልጋ ላይ እንደ መርገጥ። ስምንተኛው ላይ ቆሜ ቁልቁል አየሁ። ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ያየኛል። አው ዑመርም ያዩኛል። ውሃውን ጠዋት ጣቴ በገባበት መገጣጠሚያ ላይ ገለበጥኩት፤ የዳሩን ድንጋይ በተረከዜ ገፋሁት።

ድንጋዩ ጥርስ እንደሚወልቅ ዓይነት ወጣ። ወደ ገደሉ ሲንከባለል ሰማነው። ሁለተኛው ተከተለው። ከዚያ ሦስተኛ አልነበረም፤ ማዕዘኑ በሙሉ ትንፋሽ እንደ መልቀቅ ያለ ድምፅ አሰማና ሄደ። ከሆዱ ጭቃው እንደ አጥሚት ፈሰሰ። ታች ያሉት ዘለው ወረዱ። እኔም አብሬው መሄድ ጀምሬ ነበር፤ አንድ እጅ ነጠላዬን ከኋላ ጨምድዶ ወደ ሜዳው በኩል ጎተተኝ። በጎኔ ስወድቅ ጉልበቴ ተላጠ። ቀና ስል ተከትሎኝ የወጣው ኢብሮ ነው።

ድንጋዮቹ ብቻ ከታች ይንኳኳሉ።

“ምን አደረግሽ?” አለኝ ኢብሮ።

ከዚያ ሌላው ሁሉ ተከተለ። “ውሃ አፍስሳ አፈረሰችው!” “በዓይናችን አየናት!” “ባልዲ ሙሉ ውሃ!” አንድ ባልዲ ውሃ ግንብ ይንዳል ወይ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም።

ሹሙ ተነሱ። መሐንዲሱ ወደ ገደሉ ጫፍ ሄዶ አየ፣ እኔን አየ፣ ማስታወሻው ላይ አንድ ነገር ጽፎ ተከተላቸው። የወንበሩ ወገን ያጨበጭብ ጀመር። ሃምሳ አለቃ ወንድይራድ ሜዳውን አቋርጠው መጡና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጭቃ የሆነ እጄን በሁለት እጃቸው ጨበጡት። “ስንት ነፍስ አዳንሽ፣ እህቴ” አሉኝ። ከልባቸው ነበር። ግን ደግነታቸው ነው የጨረሰኝ። የጨበጡኝን ያየ ሁሉ ማን እንደላከኝ የሚያውቅ መሰለው።

አው ዑመር ነጠላቸውን ሰበሰቡ፤ ምርኩዛቸውን አነሱ፤ ሳያዩኝ ወደ ጀጎል ሄዱ።

ያን ዕለት አመሻሽ ቤታቸው ሄድኩ። በራቸው ተዘግቷል። ያን በር በቀን ተዘግቶ አይቼው አላውቅም። አንኳኳሁ፤ ዝም። በማግሥቱ እሑድ፣ ሠርግ የደረሰባቸው ሁለት ቤቶች ነደባ ላድስ ቃል ስለነበረኝ ሄድኩ። አንደኛዋ፣ “እንልክብሻለን” አለችኝ። ሁለተኛዋ በልጅ አስመለሰችኝ። መኪና ግርግር ሳልፍ የስፌት መኪናዎቹ አንድ በአንድ ቆሙ፤ ካለፍኩ በኋላ እንደገና ተንጫጩ። ዘወር ብዬ አላየሁም።

ሰኞ ጠዋት ዕቃዬን በአንድ ቋጠሮ አሰርኩ። ለአከራዬ መሄዴን አልነገርኳትም፤ የት እንደምሄድ እኔም አላውቅም ነበር። የጭነት መኪና ወደ ጅጅጋ ሲነሳ ጆንያ ላይ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን እግሬ ይናገር። ጅጅጋ ሁለት ዓመት፣ ድሬዳዋ አንድ ክረምት፣ አሰበ ተፈሪ፣ አዋሽ፣ ናዝሬት። በየሄድኩበት ለሰንኩ፤ በየሄድኩበት ቤቱ ሲያምር ተነሳሁ። አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ልጆቼን በጀርባዬ አዝዬ ሄድኩ። ሰው ፊቱን ያጠቆረብኝ በመሰለኝ ቀን ቋጠሮዬን አስራለሁ። ባሌ፣ “አንቺን በር ላይ ማሰር ነው” ይለኝ ነበር። ስታዲየሙ እኔ እስክወጣ ወረቀት ላይ ነበር፤ ወንበሩም አልቆመ፣ ደረጃውም አልቆመ። በኋላ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ይጻፈው።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ዕድሜ ልኬን አንድ ነገር ስጠይቅ ኖሬያለሁ፤ እናንተንም ልጠይቅ። አው ዑመር “ሁለት ወር” ሲሉ የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። ያን ጊዜ አፈር ተሸክሜ ከመቆም፣ “አባ የተናገሩትን ስሙ” ብዬ አንድ ጊዜ ብጮህ ምን ነበር? ይስቁብኝ ነበር፤ ለአንድ ቀን። በስምንተኛው ቀን ያደረግኩትን ሰዎች ድፍረት ይሉታል። እኔ ግን በመጀመሪያው ቀን የፈራሁት ነው የሚታየኝ። ሰው ልክ በሆነ ሥራው እንዲህ ሊያፍር እንደሚችል ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር። ልጆቼ በስብሰባ ላይ ሲናገሩ፣ ሰው ሲያስቆጡ፣ ለዚህ ነው አንድም ቀን “ዝም በሉ” ብያቸው የማላውቀው።

ሐረር የተመለስኩት ፀጉሬ ከነጣ በኋላ ነው፤ የባሌ ዘመድ ሞቶ ለለቅሶ። ወደ ጀጎል አልገባም ብዬ ነበር። ግን ኤረር በር አካባቢ ከሴቶች ጋር ስሄድ አንዲት ሴት ከኋላ ክንዴን ያዘችኝ። “አስካለ አይደለሽም?” ፋጡማ ነበረች። እሷም አርጅታለች። አባቷ ካረፉ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት እጇን አፌ ላይ አደረገች።

ዝናቡ በወረደ ሰዓት አባቷ ደረጃው እንደማይቆም አውቀው ኖሯል። የነገረችኝ እሷ ናት። ቅዳሜ ከሜዳ ሲመለሱ በሩን ዘግተው ለሁለት ቀን ከማንም ጋር አልተነጋገሩም፤ እያፈሩ ነበር፤ የሚያፍሩት ግን በራሳቸው እንጂ በእኔ አይደለም። ማክሰኞ ጠዋት ተነስተው ነጭ ለበሱ። አቦከርን ቤት ለቤት እየጠየቁ፣ የተከራየሁባትን ክፍል አገኙ። ከሠርግ ቤቶቹ አንዱ ሥራውን ለእኔ እንዲሰጥ አስማምተው ኖሯል፤ ጥፋቱ የእሳቸው መሆኑንም ለኢብሮና ለጓደኞቹ ነግረው ነው የመጡት። ውሃ ልትቀዳ ሄዳ ይሆናል ብለው፣ ያ ሁሉ አገር የሚያከብራቸው ሽማግሌ፣ ደጃፌ ላይ ከሰዓት በኋላ እስከሚሰገደው የዐሱር ሰላት ተቀምጠው ጠበቁኝ።

እኔ የሄድኩት ሰኞ ነው።